ሰክሯል የተባለው ጥበቃ፦ ሦስት መድኃኒት፣ ሁዳዴ እና የቆርቆሮ ቤት

መጋቢት ማለቂያ ላይ፣ በሁዳዴ ሐሙስ፣ ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ብዙም በማይርቅ የግንባታ ዕቃ መጋዘን አንድ ፌሮ የጫነ ሲኖትራክ በሌላ መኪና የመውጫ ወረቀት ወጣ። ከቀኑ 8 ሰዓት አለፍ ብሎ ነበር። በሩ ላይ የነበሩት ጥበቃ ወረቀቱን ተቀብለዋል፤ ታርጋ መዝግበዋል፤ ሰዓት ሞልተው፣ ፈርመው ሰንሰለቱን ፈትተዋል። የመዘገቡት ታርጋ ግን ከፊታቸው የቆመው መኪና አልነበረም፤ ግቢ ውስጥ ገና በመጫን ላይ የነበረው የሌላው ነው።

ስህተቱ የወጣው ሁለተኛው ሾፌር "ወረቀቴን ማን ወሰደው?" ብሎ ሲጮህ ነው። ሽፍት መሪው ሮጦ በሩ ላይ ሲደርስ ጥበቃው የፕላስቲክ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው መዝገቡን ከዓይናቸው አርቀው፣ ክንዳቸውን ዘርግተው ይዘውት ነበር። "ሃምሳ አለቃ፣ የትኛው መኪና ነው የወጣው?" ሲላቸው "ተረኛው ገና አልመጣም" ብለው መለሱ። ደግሞ ጠየቃቸው፤ የመለሱለት ስለ አንድ የእጅ ባትሪ ነው። ፊታቸው ቀልቷል፣ ምላሳቸው ተሳስሯል፣ ዓይናቸው ፈጧል። ልጁ ሌላ ነገር አላሰበም፤ "ጠጥተዋል" ብሎ ለኃላፊው ደወለ።

ብረቱ በማግሥቱ ገላን ውስጥ የሌላ ደንበኛ ሳይት ላይ ተራግፎ ተገኘ። ሚዛን ቤት ውስጥ ሁለት ወረቀቶች ተቀያይረው ነበር፤ ስርቆት የሚባል ነገር አልነበረም። የቀረው የጥበቃው ጉዳይ ነው። ከሥራ ታገዱ፤ ደብዳቤው ላይ የሰፈረው ምክንያት "በሥራ ሰዓት ሰክሮ መገኘት" የሚል ነው። ይህ ቀላል ክስ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሰክሮ ሥራ ላይ መገኘትን ሠራተኛ እንዳያደርግ ከተከለከላቸው ነገሮች አንዱ አድርጎታል። በጥበቃ ሥራ ላይ ደግሞ "ይጠጣል" የተባለ ሰው ከአንዱ ኤጀንሲ ወጥቶ ሌላው ጋ አይቀጠርም፤ ወሬው ቀድሞት ይደርሳል።

እኔ የመድኃኒት ባለሙያ ነኝ (ሃምሳ አለቃ "ዶክተር" ይሉኛል፤ ማረሙን ትቻለሁ)። ወደ ጉዳዩ የገባሁት ባለቤታቸው "ጾመኛ ሰው እንዴት ሰከረ ይባላል?" ብለው ሲመጡ፣ ቀጥሎም ኤጀንሲው የሙያ አስተያየት በጽሑፍ እንድሰጥ ሲጠይቅ ነው። የሰውየውም የድርጅቶቹም ስም እዚህ አይነሣም። ጽሑፉ እንዲወጣ ሃምሳ አለቃ ፈቅደዋል፤ እንዲያውም "ሌላው ጥበቃም ይስማው" ብለዋል።

ሰውየው

ዕድሜያቸው 54 ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በነበረው ጦርነት በቡሬ ግንባር ተሰልፈዋል፤ ግራ እግራቸው ላይ የቀረ ፍንጣሪ አለ። ከሠራዊቱ ከወጡ በኋላ ኑሯቸው ጥበቃ ነው። አያጨሱም፣ ጫት አይቅሙም፤ ጠላ ለበዓል ይቀምሳሉ። ሁዳዴን ከልጅነታቸው ጀምሮ ሳያጓድሉ ይጾማሉ፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ እስከ 9 ሰዓት ድረስ እህልም ውኃም አይቀምሱም።

ሙቀት የሚለው ነገር መጀመሪያ ላይ አልዋጥ አላቸው። "ቡሬ በረሃ ላይ ያን ሁሉ ሐሩር ችዬ፣ ቱሉ ዲምቱ ላይ ሙቀት ያሸንፈኛል?" አሉኝ። ጥያቄያቸው ጥሩ ነው። ሰውነት ሙቀትን የሚለምደው በሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆን፣ ከሙቀቱ ከራቀ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ልምዱን መልሶ ይጥለዋል። የቡሬው ልምድ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ከሁሉ በላይ ግን ቡሬ ላይ የነበራቸው አንድ ነገር ቱሉ ዲምቱ ላይ አልነበራቸውም፤ ላብ።

ፌስታሉ

ባለቤታቸውን "እትዬ፣ ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ ባዶ ማሸጊያውንም ሳይቀር ይዘውልኝ ይምጡ" አልኳቸው። በጥቁር ፌስታል ይዘው መጡ። ፓራሲታሞል፣ የልጅ ልጅ የተረፈ ሽሮፕ፣ ቪክስ፣ ጊዜው ያለፈበት የዓይን ቅባት። ከእነዚህ መሐል ሦስቱን ለይቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳቸው።

የመጀመሪያው አሚትሪፕቲሊን ነው፤ ባለ 25 ሚሊግራም። በመሠረቱ የድብርት መድኃኒት ነው፤ ዛሬ ግን በብዛት የሚታዘዘው ለነርቭ ሕመም ነው። ለሃምሳ አለቃም የታዘዘው እግራቸውን ማታ ማታ ለሚያቃጥላቸው ሕመም ነው። ለረጅም ጊዜ አንድ ፍሬ ሲወስዱ ቆይተው የካቲት ማለቂያ ላይ ሐኪማቸው ወደ ሁለት አሳደጉላቸው። ትክክለኛ ትእዛዝ ነው፤ መጠኑም ከመጠን ያለፈ አይደለም።

ሁለተኛው "1 × 3" የተጻፈባት ትንሽ የወረቀት ከረጢት ውስጥ ያሉ ፍሬዎች ናቸው፤ ክሎርፊኒራሚን 4 ሚሊግራም። የዚያ መንገድ አቧራ የታወቀ ነው፤ ሲኖው ባለፈ ቁጥር ያስነጥሳቸዋል፣ ዓይናቸውን ያሳክካቸዋል። ሰፈር ካለው መድኃኒት ቤት "የአለርጂ" ብለው ያለ ማዘዣ ገዙ።

ሦስተኛው ሃዮሲን፣ ባለ 10 ሚሊግራም፣ ለሆድ ቁርጠት። ይህኛው ታሪክ አለው። አሚትሪፕቲሊን አንጀትን ያዘገያል፤ ክሎርፊኒራሚንም ያግዘዋል፤ ውኃ ሳይጠጣ ለሚውል ሰው ደግሞ ድርቀቱ ይብሳል። ሆዳቸው ደረቀ፣ ቆረጣቸው። ለቁርጠቱ የተሰጣቸው መድኃኒት አንጀትን የበለጠ የሚያዘገይ ሆነ። መድኃኒት ያመጣውን ችግር በሌላ መድኃኒት ማከም በሙያችን የተለመደ ወጥመድ ነው፤ ማንም ሰው ሦስቱን ባንድ ላይ ስላላያቸው ማንም አልያዘውም። አፋቸው መድረቁን፣ ሽንታቸው መቆራረጡን ሃምሳ አለቃም ባለቤታቸውም የጾሙ ነው ብለው አልፈውታል።

ሦስቱ መድኃኒቶች ስማቸው፣ የሚታዘዙበት ሕመም፣ የሰጣቸው ሰው ይለያያል። ሰውነት ውስጥ ግን አንድ ሥራ ይጋራሉ፤ አሴቲልኮሊን የተባለውን የነርቭ መልእክተኛ ተቀባዩ ላይ እንዳያርፍ ይከለክሉታል። አሴቲልኮሊን ምራቅ ያመነጫል፣ አንጀት ያንቀሳቅሳል፣ ዓይን ቅርብ ያለን ነገር አጥርቶ እንዲያይ ያደርጋል፣ የላብ ዕጢዎችን ያዛል። አእምሮ ውስጥ ደግሞ ትኩረትና አዲስ ነገር መያዝ በእሱ ላይ የቆሙ ናቸው። እዚህ ላይ ለሃዮሲኑ ፍርድ ላቅልለት፤ የቁርጠቱ ሃዮሲን ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ነው፣ አእምሮ ውስጥም እምብዛም አይዘልቅም። ዋናዎቹ ሁለቱ ናቸው። ክሎርፊኒራሚን ከሰውነት ወጥቶ ወደ ግማሽ ለመድረስ በአዋቂ ሰው 20 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ በቀን ሦስቴ ሲወሰድ የትናንቱ ሳያልቅ የዛሬው ይደረባል። ማታ የተወሰደ አሚትሪፕቲሊንም ቀትር ላይ ገና አለ።

ሽፍት መሪውን ከሁሉ በላይ የከበደው ነገር ንግግራቸው ነበር። ዕድሜው ከሃምሳ አለቃ የሚገፋ ሌላ የማታ ጥበቃ ግን ታሪኩን ሰምቶ "አስተናግር የበላ ሰው እንዲህ ነው የሚሆነው" አለ። ከሐኪሞቹ ሁሉ ቀድሞ ወደ እውነቱ የተጠጋው እሱ ነው። አስተናግር ወይም አጠፋሪስ የምንለው በየጥራጊው ቦታ የሚበቅለው ተክል ውስጥ ያሉት አትሮፒንና ሃዮሲን ናቸው (ይህኛው ሃዮሲን ከቁርጠቱ ይለያል፤ አእምሮ ውስጥ ይዘልቃል)፤ የሚሠሩትም በዚሁ መንገድ ነው።

መዝገቡ

ወሬ ወሬ ነው፤ እኔን ያሳመነኝ የበሩ መዝገብ ነው። ዕድለኛ የሆንነው ሚዛን ቤቱ እያንዳንዱን መኪና በማሽን ስለሚያትም ነው። ስለዚህ ሃምሳ አለቃ በእጃቸው የጻፉትን ከታተመው ጋር መስመር በመስመር ማስተያየት ተቻለ።

የሐሙሱ ገጽ ሲጀምር ጽሕፈቱ የወታደር ጽሕፈት ነው፤ ደቀቅ ያለ፣ ከመስመር የማይወጣ፣ ሰዓቱ እስከ ደቂቃው የተሞላ። እስከ 5 ሰዓት ድረስ ያሉት ታርጋዎች ከሚዛን ቤቱ ወረቀት ጋር አንድ በአንድ ይገጥማሉ። ከዚያ በኋላ ፊደሉም ቁጥሩም መተለቅ ይጀምራል። ቅርብ ማየት ሲያቅት ሰው የሚጽፈው እንደዚያ ነው። ቀጥሎ አኃዞች ቦታ ይለዋወጣሉ፤ 47 መሆን የነበረበት 74 ይሆናል። 6 ሰዓት ካለፈ በኋላ አንድ መኪና ሁለት ጊዜ ገብቶ አንድ ጊዜም ሳይወጣ ይታያል። 7 ሰዓት ላይ የመውጫ ሰዓት በሚሞላበት ዐምድ ውስጥ የሾፌር ስም ገብቷል። ፊርማው ሳይቀር አንድ ቦታ ላይ ተጀምሮ ቀርቷል። የ8 ሰዓቱ ሲኖትራክ የመጨረሻው ስህተት እንጂ የመጀመሪያው አልነበረም።

ወደ ኋላ ተመልሰን የየካቲትን ገጾች አየን፤ ቀትር ላይም ንጹሕ ናቸው። በመጋቢት የመጀመሪያ ሳምንታት እዚህም እዚያም የተሰረዘ ይታያል። የአለርጂው መድኃኒት ከተጨመረ በኋላ ያሉት የሥራ ቀናት ከሰዓት በኋላ ይበላሻሉ። ትኩረቴን የሳበው ግን ቅዳሜ ነው። ቅዳሜና እሑድ በሁዳዴ ቢሆንም እስከ 9 ሰዓት መቆየት የለም፤ ጠዋት ቁርስ ይበላል፣ ውኃ ይጠጣል፣ ሻይ አለ። የቅዳሜው ገጽ ከሐሙሱ በእጅጉ ይሻላል። መኪና ስለሚያንስ ነው ማለት ይቻላል፤ ከሰዓት በኋላ እውነትም ይቀንሳል። ቅዳሜ እስከ ቀትር ያለው የመኪና ብዛት ግን ከሐሙሱ አይተናነስም። ሌላው አስገራሚ ነገር ሃምሳ አለቃ ራሳቸው ምንም እንዳልተሰማቸው መናገራቸው ነው። ገጹን ሳሳያቸው ዝም ብለው ቆዩና "ይሄ የኔ እጅ አይደለም" አሉ። እጁ የእሳቸው ነው።

ከዚህ መዝገብ ጋር የሚመሳሰል ሥራ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን አለ። ብሪታንያዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኖርማን ማክዎርዝ የሬዲዮ ኦፕሬተሮችን ሙቅ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ በጆሯቸው የሚሰሙትን የሞርስ መልእክት እንዲጽፉ አደረገ፤ ውጤቱን ያወጣው በ1946 እ.ኤ.አ. ነው። ክፍሉ እየሞቀ ሲሄድ ስህተቱ መጀመሪያ በጥቂቱ፣ ከአንድ ደረጃ በኋላ ግን በፍጥነት አደገ። ሰዎቹ ሙቀት የለመዱ፣ ሥራቸውን የሚያውቁ ባለሙያዎች ነበሩ፤ መድኃኒትም አልወሰዱም። የሰሙትን እየጻፉ መዋልና ያዩትን ታርጋ እየጻፉ መዋል ብዙ አይራራቁም።

ወታደሩ የሚያውቀው ነገር

መድኃኒትና ሙቀት ሲገናኙ አእምሮ ምን እንደሚሆን በደንብ ያጠኑት የጦር ሠራዊቶች ናቸው፤ ያጠኑትም ሳይወዱ በግድ ነው። እንደ ሳሪን ያሉ የነርቭ ጋዞች አሴቲልኮሊን ከልክ በላይ እንዲከማች ያደርጋሉ፤ ማርከሻው አትሮፒን ነው። የአሜሪካ ወታደር በኪሱ ይይዘው የነበረው በራሱ ጭኑ ላይ የሚወጋው መርፌ 2 ሚሊግራም አትሮፒን ነበረበት፤ አብሮት 600 ሚሊግራም ፕራሊዶክሲም የያዘ ሁለተኛ መርፌ ነበር። ጋዝ ለነካው ሰው ሕይወት ነው። ጥያቄው ሌላ ነው፤ ጋዝ ሳይኖር "ጋዝ ተለቀቀ" ተብሎ በበረሃ መሐል፣ ከነመከላከያ ልብሱ ራሱን የወጋ ወታደርስ? አዛዡ ካርታ አንብብ፣ ኢላማ ለይ ቢለው ይችላል?

ማሳቹሴትስ ግዛት ናቲክ የሚገኘው የአሜሪካ ጦር የአካባቢ ሕክምና ምርምር ተቋም በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ፈቃደኛ ወታደሮችን ሙቅ ክፍል ውስጥ አስገብቶ በአትሮፒንና ያለ አትሮፒን፣ በመከላከያ ልብስና ያለ ልብስ ለካቸው። የላቡ መቀነስ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ የሰውነት ሙቀት መጨመር፣ የቅርብ ዕይታ መደብዘዝ በግልጽ ታየ። መድኃኒቱ ብቻውን ወይም ሙቀቱ ብቻውን ከሚያደርሰው ይልቅ ሁለቱ ከወፍራም ልብስ ጋር ሲገናኙ ሰው ሥራውን ቶሎ ያቋርጣል።

አሜሪካኖቹ ይህንኑ ጉዳት መሣሪያ አድርገውት እንደነበር ብዙ ሰው አያውቅም። ቢዜድ ብለው የሰየሙት ውሕድ የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ ጠላትን ሳይገድል አእምሮውን የሚያደናግር ተብሎ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የጦር መሣሪያ ሆኖ ተዘጋጀ፤ በሜሪላንዱ ኤጅዉድ ወታደሮች ላይ ተሞክሯል። ኋላ ላይ ክምችቱ እንዲጠፋ ተደረገ። ኤጅዉድ ላይ የተሞከረውና ሰፈር መድኃኒት ቤት የሚሸጠው ክኒን እኩል ናቸው እያልኩ አይደለም፤ የመጠናቸው ልዩነት የሰማይና የምድር ነው። አቅጣጫቸው ግን አንድ ነው።

እዚህ አገር አትሮፒንን የምናውቀው ከጦር ሜዳ ሳይሆን ከድንገተኛ ክፍል ነው። እንደ ማላታይን ያለ ፀረ-ተባይ የጠጣ ሰው ሲመጣ የሚሰጠው እሱ ነው። አትሮፒን የበዛበት ታካሚ ሲቃዥ፣ ትኩሳቱ ሲወጣ፣ አልጋ ልብሱን ሲጎትት ያላየ ነርስ አይኖርም። ያንን በሽተኛ አልጋ ላይ የሚያውቀው ባለሙያ በር ላይ የቆመ ጥበቃ ላይ ሲያየው አይለየውም፤ መድኃኒቱ አትሮፒን ስላልሆነና ሰውየው ስላልተኛ።

የቆርቆሮው ቤት

"አዲስ አበባ ይሞቃል እንዴ?" የሚል አንባቢ ይኖራል። ቱሉ ዲምቱ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ይላል፤ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የቀን ሙቀቱ ብዙ ጊዜ ከ20ዎቹ አጋማሽ ብዙም አይዘልም። ነገር ግን ሃምሳ አለቃ የዋሉት ትንበያው ውስጥ አይደለም። የጥበቃ ቤቱ በአራቱም ጎን ቆርቆሮ፣ ከላይም ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ነው፤ አንዲት መስኮት ወደ መንገዱ፣ እሷም ለአቧራው ተብላ የምትዘጋ። ተራ ቴርሞሜትር ሰቅለን ቀትር ላይ አየነው፤ ከ35 አልፎ ነበር። ላዩ ላይ ወፍራም ፖሊስተር ዩኒፎርም፣ ከረባት፣ ጃኬትና ቦት ጫማ አለ። ጃኬት ማውለቅ በኤጀንሲው ደንብ ክልክል ነበር።

በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ባሕር ወለድ ጦር (ማሪን) በደቡብ ካሮላይናው ፓሪስ ደሴት ማሠልጠኛ ምልምሎቹ በሙቀት እየወደቁ ሲያስቸግሩት የተዘጋጀ አንድ መለኪያ አለ፤ የአየሩን ሙቀት ብቻ አይወስድም። ከድምሩ 70 በመቶውን የሚይዘው በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ቴርሞሜትር ነው፤ 20 በመቶውን ጥቁር ሉል ውስጥ ያለው፤ ተራው የአየር ሙቀት 10 በመቶ ብቻ። እርጥቡ ጨርቅ ያን ያህል ድርሻ የተሰጠው ላብ ተንኖ ሰውነትን የማቀዝቀዝ ዕድሉ ስንት እንደሆነ ስለሚናገር ነው። የመጋቢት አየር ደረቅ በመሆኑ ላብ ቶሎ ይተናል፤ ጤነኛ ሰው እዚያ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ቢቸገርም ይውላል። 1 ሊትር ላብ ሲተን 580 ኪሎካሎሪ ገደማ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። በአካባቢው ያለው ሙቀት ከቆዳ ሙቀት ሲበልጥ ደግሞ ከላብ ሌላ መውጫ የለም። ላቡ የተዘጋበት ሰው ላይ የደረቁ አየር ጥቅም ሁሉ ይቀራል።

ተረኞቹ ያስታወሱት አንድ ነገር ይህን ደገፈልኝ። ከሰዓት በኋላ ሲቀያየሩ የሌሎቹ ጥበቃዎች ሸሚዝ ጀርባው ላይ ነጭ የጨው መስመር ይሠራል። የሃምሳ አለቃ ሸሚዝ ሐሙስ ማታ ሲወልቅ፣ በባለቤታቸው ቃል፣ "ተተኩሶ እንደተሰቀለ ነው፤ አንገቱ እንኳ አልረጠበም።"

ሌሎቹ ጥርጣሬዎች

መጠጡን ቶሎ እንለፈው። የትንፋሽ ምርመራ አልተደረገም፤ የአልኮል ሽታ የሸተተው ሰው የለም፤ ሽፍት መሪው ራሱ ሲጠየቅ "ሁኔታቸውን አይቼ ነው" አለ። የሰከረ ሰው አፉ እንደዚያ አይደርቅም፣ ዓይኑም እንደዚያ አይሰፋም።

ታይፎይዱ የበለጠ ጊዜ ወሰደብን። ሐሙስ 9 ሰዓት ተኩል ላይ የወሰዷቸው ክሊኒክ ትኩሳት 38.6፣ የልብ ምት 122 መዘገበ። ትኩሳትና መቃዠት፤ እንግዲህ በዚህ ከተማ ቀጥሎ የሚመጣውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ዊዳል ተሠራ፣ "ታይፎይድ አለ" ተባለ፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን ተጻፈ። ዊዳል በሽታው በሰፊው ባለበት አገር ጤነኛ ሰው ላይም አዎንታዊ ሊወጣ የሚችል ደካማ ምርመራ ነው። እኔን ያላሳመነኝ ግን ሰዓቱ ነው። ሃምሳ አለቃ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ተኝተው፣ ውኃና አጥሚት ወስደው፣ ትኩሳቱ ማታ 2 ሰዓት ላይ ወደ 37.2 ወርዷል። ታይፎይድ በግማሽ ቀን አይለቅም፤ አንቲባዮቲክም እንዲህ አይፈጥንም።

የስኳር ማነስ ሊሆን ይችላል ወይ? ክሊኒኩ በጣት ደም ለክቶታል፤ ደህና ነበር። የስኳር መድኃኒትም አይወስዱም።

ሙቀቱና ጾሙ ብቻቸውንስ? እዚያው ቤት ውስጥ በተለያየ ቀን የሚቆሙ ሌሎች ጾመኞች አሉ፤ ይደክማቸዋል እንጂ መዝገባቸው እንደዚህ አልተበላሸም። ሃምሳ አለቃ ራሳቸው ባለፈው ዓመት ሁዳዴ እዚያው ቤት ውስጥ ጾመዋል፤ የዚያን ጊዜ አንድ ፍሬ አሚትሪፕቲሊን ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የሙያ ባልደረባዬ ጥሩ ተከራከረኝ። እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ በ1996 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው አሚትሪፕቲሊንን ጨምሮ ብዙ መድኃኒቶችን የሚሰባብረው ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለ ኤንዛይም ዘረመል ተደጋግሞባቸው ተገኝቷል፤ እነዚህ ሰዎች መድኃኒቱን በፍጥነት ያስወግዳሉ። "የኛ ሰው መቼ እንዲህ ይጠራቀምበታል?" ነው ክርክሩ። መልሴ፣ 29 በመቶ ማለት 71 በመቶው እንደዚያ አይደለም ማለት ነው፤ ሃምሳ አለቃ ከየትኛው ወገን እንደሆኑ ደግሞ ግንባራቸው ላይ አልተጻፈም። በዕድሜ መግፋትም አእምሮ ለእነዚህ መድኃኒቶች ይበልጥ ይጋለጣል።

ከዚያ ምን ተደረገ

የአለርጂውና የቁርጠቱ ክኒን ፌስታሉን ባየሁበት ዕለት ቆመ። አሚትሪፕቲሊኑን እኔ አልነካሁትም፤ ለወራት የተወሰደ አሚትሪፕቲሊን በድንገት ሲቆም እንቅልፍ ማጣት፣ ማቅለሽለሽና መረበሽ ያመጣል። ያዘዙት ሐኪም ጋ ደብዳቤ ጽፈን ላክናቸው፤ ወደ አንድ ፍሬ መለሱት። ለአቧራው አእምሮ ውስጥ እምብዛም የማይገባ ሎራታዲን 10 ሚሊግራም በቀን አንዴ ተተካ። ለሆዱ ከሦስቱም የሚሻል መድኃኒት ቤታቸው ነበር፤ ተልባ።

የቀረው ውኃው ነው። በዚህ እኔ የምለው ነገር የለኝም፤ ወደ ንስሐ አባታቸው ሄዱ። አባ ሕመማቸውን ሰምተው ጠዋት ጠዋት ውኃ እንዲወስዱ ፈቀዱላቸው። ሃምሳ አለቃ ግን ፈቃዱን እንደ ሽንፈት ነው የቆጠሩት፤ ውኃዋን ከጥበቃ ቤቱ ጀርባ ዞረው ነው የሚጠጧት።

እገዳው ተነሥቶ ሲመለሱ ኤጀንሲው በጠዋቱ ፈረቃ፣ እስከ 6 ሰዓት ብቻ መደባቸው። ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ መዝገቡን ከሚዛን ቤቱ ጋር ደግመን አስተያየነው፤ ጽሕፈቱ ደቅቋል፣ ታርጋው ገጥሟል። ቀትር ላይ ስላልቆሙ ይህ ብቻውን ሙሉ ማስረጃ አይሆንም። በደም ውስጥ ያለውን የመድኃኒት መጠንም አላስለካንም። ሦስቱን መድኃኒት መልሰን ሰጥተን ቆርቆሮ ቤት ውስጥ አስቀምጠን እንየው የሚል ሰው ደግሞ አልነበረም፤ ባይኖርም ደስ ይለኛል። ዋጋም ተከፍሎበታል። የእግራቸው ሕመም ከፊሉ ተመልሷል፤ ማታ ማታ ይነሣሉ።

ኤጀንሲው የጥበቃዎቹ ፎርም ላይ "የሚወስዱት መድኃኒት ካለ ይግለጹ" የሚል መስመር ጨምሯል። በቅን ልቦና እንደሆነ አልጠራጠርም። ያንን መስመር እውነቱን የሚሞላ ጥበቃ ግን ጥቂት ይመስለኛል፤ "የነርቭ መድኃኒት" ብሎ የጻፈ ሰው በማግሥቱ ሥራ ሊያጣ እንደሚችል ያውቃል። የተሻለው ነገር መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ "ሌላ ምን ይወስዳሉ? የት ነው የሚሠሩት?" ብሎ መጠየቅ ነበር፤ ይህ የኛ የባለሙያዎቹ ሥራ ነው፣ ደቂቃም አይፈጅም። ጃኬት እስከ 10 ሰዓት ማውለቅ ተፈቅዷል። ኮርኒሱን በተመለከተ ባለ መጋዘኑ በሚቀጥለው በጀት እናየዋለን ብሏል፤ ጥበቃዎቹ እስከዚያው የሲሚንቶ ከረጢት ከውስጥ ለጥፈውበታል፣ ትንሽ ረድቷል።

የስካሩ ክስ ተሰርዟል። በምትኩ "በቸልተኝነት ተገቢ ያልሆነ መኪና ማስወጣት" የሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ፋይላቸው ውስጥ ገብቷል። ሃምሳ አለቃ ይህም ይነሣልኝ ብለው አመልክተዋል፤ የመዝገቡ ቅጂና የእኔ አስተያየት አባሪ ሆነው ገብተዋል። የሰው ኃይል ክፍሉ የሰጣቸው መልስ "በሚቀጥለው የማኔጅመንት ስብሰባ ይታያል" የሚል ነው።